ሊሎንግዌ የማን ሜዳ ነው?

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን «የሜዳ ጥቅም ተረት ነው» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ደሜ ፈላ። ማስረጃችሁ ምንድን ነው? ዋልያዎቹ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን «በሜዳቸው» 2 ለ 0 ማሸነፋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ «በሜዳቸው» ነጥብ መጣላቸው።

ግብጽን ያሸነፍነው እኮ ሊሎንግዌ ነው! ማላዊ! የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችንን ካገደ ወዲህ «ባለሜዳ» የተባልነው ጆሃንስበርግ፣ ሞሮኮ፣ ዳሬሰላም ነው። ስማችን ቀድሞ ስለተጻፈ ሜዳው የኛ ሆነ? እነዚህን ጨዋታዎች «በሜዳ» ብሎ ቆጥሮ «ልዩነት የለም» ማለት ምን የሚሉት ስሌት ነው?

ጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካምቦሎጆ፣ የነበረ ሰው ይንገራችሁ። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን ነው የመጣችው። እኔ ገና ሳይነጋ ተሰልፌ ነው የገባሁት። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት አንዴም አልተቀመጡም። ጨዋታው ሲያልቅ ድምፃቸው ተዘግቶ በእጃቸው ነበር የሚያወሩት። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ያኔ ደግሞ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል ብልጫ ነበረው። ካርቱም ላይ ያገባናቸው ጎሎች አሳለፉንና ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ያ ጩኸት ሊሎንግዌ ድረስ አይሄድም።

ሜዳ ብቻውን አያሸንፍም፤ ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸንፈናል። ጥቅሙም እንደ ድሮው አይደለም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ከሜዳ ውጪ የሚገባ ጎል ብልጫን ሲያስቀር፣ በውድድሮቹ የባለሜዳ ድል ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከ61 ወደ 47 በመቶ መውረዱን ተናግሯል። የእንግዳው ግን 30 ነው። 47 እና 30 እኩል ናቸው? በኮሮና ጊዜ የጀርመኑ ቡንደስሊጋ ያለ ተመልካች ሲቀጥል የባለሜዳ ድል ከ43 በመቶ ገደማ ወደ 33 ወረደ። ሜዳው ያው ነው። የጎደለው ሰው ነው።

እኛ ደጋፊዎች ግን በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የለንም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ክለቤ «ባለሜዳ» የሚባለው የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ነው። ልጄ ማልያውን ለብሶ የሚያየው በስልክ ነው። ይሄን ሁሉ ትታችሁ ጥቅሙን ተረት አላችሁት።

«በሜዳቸው» የሚለውን አርሙት። የተጫወቱበትንም ከተማ በስሙ ጻፉት።

አንድ ደጋፊ፣ ከባሕር ዳር