ለደንበኞቻችን፦ አሜሪካ ውስጥ በታገደ ድርጅት ስላለው ገንዘባችሁ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወደሚገኘው ቢሯችን የምትመጡ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ወንድሜ ቨርጂኒያ ሆኖ ገንዘብ ያስገባልኝን ድርጅት መንግሥት አገደው፤ ገንዘቤ መቼ ነው የሚመለሰው?» ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምናስረዳ ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል ብለናል።

ድርጅቱን ያሳገደው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ረታ ማለት እናንተ ተከፈላችሁ ማለት አይደለም። እሱ ሕግ አስከባሪ እንጂ የእናንተ ጠበቃ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራሉ ሌላ ስቴቶችም የአክሲዮንና የኢንቨስትመንት ሽያጭ ተቆጣጣሪ አላቸው። ሥልጣናቸው ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ክፍሉ ያለው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሥር ሲሆን፣ ንብረት ለማሳገድ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ቨርጂኒያ ለየት ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1902 ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ኮሚሽን ራሱ እንደ ፍርድ ቤት ያስችላል፤ ሦስቱ ኮሚሽነሮች «ዳኛ» ይባላሉ፣ ያግዳሉ፣ ይቀጣሉ፣ ይግባኙም በቀጥታ ለስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ባላት ሕግ ዐቃቤ ሕጉ የማታለል ሐሳብ እንደነበረ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ያሳግዳል። ጉልበቱ የሚያስፈራ ነው፤ በዚያ ሕግ ግን ግለሰብ መክሰስ አይችልም።

ብዙ ጊዜ አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ሽያጩን አቁም» የሚል አስተዳደራዊ ትዕዛዝ ይወጣል። ሻጩ አሻፈረኝ ካለ ወይም ገንዘቡ ሊሸሽ ነው ተብሎ ከተፈራ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የእግድ ትዕዛዝ ይሰጣል፣ የባንክ ሒሳቡም ይዘጋል። የፍርድ ቤት እግድ የጣሰ ሰው ፍርድ ቤት በመድፈር እስር ቤት ሊገባ ይችላል። ወንድማችሁ «እግድ ወጣ» ሲላችሁ የማን ትዕዛዝ እንደሆነ የምንጠይቃችሁ ለዚህ ነው።

ለእናንተ ዋናው ሰው ፍርድ ቤቱ የሚሾመው ንብረት ጠባቂ ነው፤ እነሱ ሪሲቨር ይሉታል። የተገኘውን ንብረት ይሰበስባል፣ ይሸጣል፣ ይመዘግባል። የእሱም የጠበቆቹም ክፍያ ከዚያው ከተሰበሰበው ስለሚነሣ ሙሉውን የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የተረፈው እንደየድርሻው ይከፋፈላል። የአቤቱታ ፎርም መሙያ ቀነ ገደብ ያወጣል፣ ያ ቀን ካለፈ ድርሻችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ደስ የማይል ነገርም አለ፦ ካስገባችሁት በላይ «ትርፍ» እየተባለ ተከፍሏችሁ ከሆነ፣ ያ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ስለሆነ ሪሲቨሩ መልሱ ብሎ ሊከሳችሁ ይችላል። ይህን ደብቃችሁ ፎርም እንድንሞላላችሁ አትጠይቁን፤ አንሞላም።

«ሰውየው ቦሌ ቤት አለው፣ እሱ አይያዝም?» የምትሉም አላችሁ። የስቴቱ ትዕዛዝ እዚህ በቀጥታ አይሠራም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከአንቀጽ 456 ጀምሮ እንደተጻፈው፣ የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ የሚቀርበውም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ያ አገር የእኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ የሚለውም አብሮ ይታያል። ይህ የጠበቃ ሥራ ነው፤ እኛ ሰነድ ከማዘጋጀትና ከመተርጎም አናልፍም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት በቴሌግራም የመጣላቸውን «የፍርድ ቤት ደብዳቤ» አሳዩን። ንስር ያለበት ወርቃማ ማኅተም፣ የዳኛ ፊርማ፣ ከግርጌው ደግሞ ማስለቀቂያው በክሪፕቶ እንዲላክ የሚጠይቅ ረጅም አድራሻ። እትዬ፣ አይላኩ አልናቸው። ተቆጣጣሪም ሆነ ሪሲቨር ገንዘብ ለመመለስ አስቀድሞ ክፍያ አይጠይቅም። እንዲህ ያሉት ተበዳዮችን እየለዩ ሁለተኛ የሚዘርፉ ናቸው።

ወደ እኛ ስትመጡ ገንዘቡ የተላከበትን የባንክ ወረቀት፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ (ከስልካችሁ ሳታጠፉ) እና ፓስፖርታችሁን ያዙ። ወንድማችሁ ወክሎ እንዲፈርም ከፈለጋችሁ ውክልናው በውልና ማስረጃ ጸድቆ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይላካል። የስማችሁን አጻጻፍ አደራ፦ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ የባንኩ ወረቀት ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ፎርሙ ተመልሶ ይመጣል። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ብቻ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር
ሥራ አስኪያጁ