የሌለንን ዕቃ መሸጥ እስከ መቼ ያዋጣል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ ለአንድ የኦንላይን ንግድ ሥልጠና የሚከፍለው 15 ሺህ ብር እንዳበድረው ጠየቀኝ። በስልኩ ባሳየኝ ማስታወቂያ ላይ አሠልጣኙ የአንድ የኢንተርኔት ሱቅ የሽያጭ ሰሌዳ ለጥፏል፤ ሱቁ በአንድ ወር 18 ሺህ ዶላር መሸጡን ያሳያል። «ጋሼ፣ ዕቃ መግዛት የለ፣ ሱቅ መከራየት የለ፣ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ድሮፕሺፒንግ የሚባለውን ሥራ ማለቱ ነው። ይህንኑ ሥራ ከመስከረም 2014 እስከ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ድረስ 19 ወራት ስለሠራሁበት፣ ለእርሱ የሰጠሁትን መልስ ሌሎች ወጣቶችና ገንዘብ የሚጠየቁ ዘመዶቻቸውም ቢያነቡት ይጠቅማል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ሥራውን ለማያውቁት በአጭሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሳይገዛ ፎቶውን በራሱ ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ ደንበኛ ሲከፍለው የራሱን ድርሻ አስቀርቶ ቀሪውን ለአምራቹ ወይም ለጅምላ ሻጩ ያስተላልፋል፤ አምራቹም ዕቃውን በቀጥታ ለደንበኛው ይልካል። እኛ አገር ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ስም ካወጣንለት ቆይተናል፤ አየር በአየር እንለዋለን። መርካቶ ውስጥ የሌለውን ዕቃ «አለ፣ አንዴ ቁጭ በል» ብሎ ልጅ ልኮ ከጎረቤት ሱቅ የሚያስመጣ ባለሱቅም የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው። መርካቶ ላይ ግን ደንበኛው ገና ቆሞ ሳለ ዕቃው ይደርሳል፤ ዕቃው ቢበላሽ ነገ የሚመለስለት ጎረቤትም የሚታወቅ ሰው ነው።

እኔና ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እንሸጠው የነበረው በኤሌክትሪክ እየሠራ ውኃውን እንደ ምንጭ የሚያፈልቅ የድመት ውኃ መጠጫ ነው (እናታችን ነገሩን ስንነግራት «ለድመት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃናለች)። ሱቁና የባንክ ሒሳቡ በእህቴ ስም ነበር፤ ማስታወቂያውንና የደንበኞችን ጥያቄ ደግሞ እኔ እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። አንዱን መጠጫ በ32 ዶላር እንሸጣለን። ከዚህ ውስጥ 8 ዶላሩ የዕቃው ዋጋ፣ 6 ዶላሩ የማጓጓዣ፣ 1 ዶላር ከ23 ሳንቲሙ የካርድ ክፍያ ኮሚሽን ነው። ከሁሉም የከበደው ማስታወቂያ ሲሆን፣ አንድ ገዢ ለማግኘት በአማካይ 13 ዶላር እናወጣ ነበር። በእጃችን የሚቀረው 3 ዶላር ከ77 ሳንቲም ሲሆን፣ ከዚህም ላይ የሱቁ ወርሃዊ ክፍያና ተሰብሮ የደረሰ ዕቃ ተመላሽ ይነሣል። እንግዲህ አሠልጣኙ የለጠፈው ዓይነት ሰሌዳ እኔም ነበረኝ፤ በ19 ወራት ውስጥ 61,400 ዶላር መሸጣችንን ያሳያል። ሁሉም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈን ግን 2,870 ዶላር ነው፤ ለሁለት ሰው ሲካፈል በወር 75 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። የሽያጭ ሰሌዳ የማስታወቂያ ወጪን አያሳይም፤ ሥልጠና ሻጮች የሚወዱትም ለዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ ቀደም ሲል ለምን ያዋጣ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምክንያት ፖስታ ነበር። አገሮች አንዳቸው የሌላውን ፖስታ ለማድረስ የሚከፋፈሉትን ክፍያ በሚወስነው በዓለም የፖስታ ኅብረት ስሌት ቻይና ከታዳጊ አገሮች ተርታ ተመድባ ስለነበር፣ ከ2 ኪሎ የማይበልጥ ጥቅል ከቻይና ወደ አሜሪካ መላክ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ከመላክ የሚረክስበት ጊዜ ነበር። አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ ብላ ካስጠነቀቀች በኋላ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በተካሄደው ልዩ ጉባኤ ደንቡ ተለወጠ፤ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም አሜሪካ ለሚገቡላት ጥቅሎች የምታስከፍለውን ተመን ራሷ ትወስን ጀመር። ሁለተኛው ቀረጥ ነው። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሚገባውን ጥቅል የዋጋ ጣሪያ በ2008 ዓ.ም. ከ200 ወደ 800 ዶላር ከፍ አድርጋው ስለነበር፣ ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ የሚልክ ሁሉ ከጉምሩክ ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ይህ መብት ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚላኩ ዕቃዎች ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለተቀረው ዓለም ደግሞ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀረ። አውሮፓ ኅብረትም ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ጥቅሎች የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት አንሥቷል።

ሦስተኛው ማስታወቂያ ነው፤ እኔን የጎዳኝም ይኸኛው ነው። አፕል በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. መተግበሪያዎች የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ ለመከታተል አስቀድመው እንዲያስፈቅዱት ሲያደርግ፣ ፌስቡክ ድመት ያለውን ሰው ከሌለው ለይቶ እንደ እኛ ያለውን ሻጭ ማስታወቂያ የሚያደርስበት መንገድ ጠበበ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ራሱ በጥር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይህ ለውጥ በፈረንጆቹ 2022 ገቢውን በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀንስበት ተናግሯል። እንዲህ ያለ ኩባንያ ይህን ያህል ከተጎዳ፣ በቀን 40 ዶላር የሚያስተዋውቅ ሰው ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። በዚህ መሀል ቴሙ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ አሜሪካ ገባና የቻይና ሻጮችን ከገዢው ጋር በቀጥታ አገናኘ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት የኦሃዮ ደንበኛችን የእኛን መጠጫ ፎቶ ከ11 ዶላር ዋጋ ጋር አያይዛ፣ ያለ ስድብ፣ ያለ ቁጣ፣ «ይህ ያው አይደለም?» ብላ ጻፈችልኝ። ያው ነበር። ፎቶው ላይ የነበረችው ግራጫ ድመት እንኳ ያችው ነበረች።

አሁን የድሮውን ሒሳቤን በዛሬው ቀረጥ ልሞክረው። ተመኑ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ በ8 ዶላሩ ዕቃ ላይ 30 በመቶ ብቻ ቢጣል እንኳ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል፤ አጓጓዡ ለጉምሩክ ማስፈጸሚያ የሚጠይቀው ሲጨመርበት ያቺ 3 ዶላር ከ77 ሳንቲም አለቀች ማለት ነው።

ስለ ኃላፊነትም አንድ ነገር ልበል። በጥር 2014 ዓ.ም. የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲደርስ አቅራቢያችን ሳይነግረን ፋብሪካውን ዘግቶ አገር ቤት ገባ፤ ገንዘባቸውን የተቀበልናቸው 43 ደንበኞች ዕቃ ሳይላክላቸው ሳምንታት አለፉ። አሥራ አንዱ ለባንካቸው አቤት ብለው ገንዘባቸውን አስመለሱ፤ በእያንዳንዱ አቤቱታ 15 ዶላር ተቀጣን፤ የካርድ ክፍያ የሚያስተናግድልን ድርጅትም የቀረውን ገንዘባችንን ለ90 ቀናት አገደው። ደንበኛው የሚያውቀው እኛን ነው፤ ቻይና ያለውን ሰውዬ አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይገባም። ካፒታል አያስፈልግም የሚባለው ነገር ሐሰት መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው፤ እህቴ ለሌሎቹ ደንበኞች የመለሰችው ከደመወዟ አውጥታ ነውና።

እዚህ አገር ላለ ወጣት ደግሞ ሌላም እንቅፋት አለ። የኢንተርኔት ክፍያ ከሚያስተናግዱት ድርጅቶች ፔይፓል ከኢትዮጵያ ገንዘብ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አያገለግልም፤ ስትራይፕም ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ሱቁ ውጭ ባለ ዘመድ ስም ይከፈታል፤ ገቢውም ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ የሚታወቀው በዚያ ዘመድ ስም ነው። እህቴ ግብሯን ያሠራችበት የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ ብቻውን የአንድ ወር ትርፋችንን በልቷል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ መውጣቱ የዶላር ገቢ የሚለውን ቃል አጣፍጦታል፤ የማስታወቂያው ወጪም በዶላር መሆኑን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ስል አሠራሩ ፈጽሞ ሞቷል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የአሜሪካው የቤት ዕቃ ሻጭ ዌይፌር አብዛኛውን ዕቃ ከአቅራቢዎቹ መጋዘን በቀጥታ ለገዢው በማስላክ ትልቅ ኩባንያ ሆኗል፤ አቅራቢዎቹ ግን በውል የታሰሩና ዕቃቸው እዚያው አሜሪካ የተቀመጠ ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ ብቻ ቲሸርት የሚያትሙ ድርጅቶችም አሉ፤ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በፊደላችን የተጻፈባቸውን ቲሸርቶች በዚህ መንገድ ሲሸጡ አያለሁ። እዚያ ላይ ሥዕሉና ቃሉ የሻጩ ነው፤ ቴሙ ላይ ፈልጎ በ11 ዶላር የሚያገኘው የለም። ለእኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ ከራሱ የጨመረው አንዳች ነገር ካለ፣ ዕቃው በእጁ አለመኖሩ ችግር አይሆንም።

ለእህቴ ልጅም ገንዘቡን ለሥልጠናው እንደማልሰጠው ነግሬ ሌላ ሐሳብ አቀረብኩለት። በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጡ ልጆች ብዙዎቹ የሚሠሩት ያንኑ አየር በአየር ነው፤ ፎቶውን ከጅምላ ሻጩ ይቀበላሉ፣ «ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላሉ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ ዕቃውን አንሥተው በሞተረኛ ይልካሉ፣ ክፍያውንም በቴሌብር ይቀበላሉ። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ፉክክሩም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሻጩ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ከፍቶ ያየዋል፣ ቢበላሽም የሚመልስበትን ሱቅ ያውቃል። የእህቴ ልጅ አኩርፎ ወጣ፤ ሐሙስ ማታ ግን ደወለልኝ። መርካቶ ከአንድ የወጥ ቤት ዕቃ አከፋፋይ ጋር ተነጋግሮ የ12 ዕቃዎች ፎቶ አንሥቷል። ሰውዬው ያልተሸጠ መመለስ ይቻላል ብሎታል፤ የተሰበረውን ማን እንደሚከፍል ግን ገና አልተስማሙም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ