«አንድ ማንኪያ ሶስቴ» የሚባለው ነገር ይቅርልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ አዲስ አበባ መድሀኒት ቤት ውስጥ ነው የምሰራው። የጤና አምዳችሁ ላይ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ታወጣላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ስለማትጠፋው ስለ ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሲጻፍ ስላላየሁ ነው እኔው የጻፍኩት። ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ሰው ምንም የማያደርግ ነገር ይመስለዋል። በልኩ ሲሰጥ እውነትም ጥሩ መድሀኒት ነው፣ ልኩን ሲያልፍ ግን ጉበት ይጎዳል፣ ክፋቱ ደሞ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ትንሽ ያስመልሰዋል ወይ ይደክመዋል፣ ቤተሰብም ከበሽታው ነው ብሎ ይቀመጣል። ማርከሻ አለው፣ ግን በደንብ የሚሰራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰአት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ ስለዚህ በዛበት ብሎ የጠረጠረ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ ጠርሙሱን ይዞ ሆስፒታል ይሂድ።

አሁን ዋናው ነገሬ። እናት ትመጣና «ለልጄ የትኩሳት ስጠኝ» ትላለች፣ ስንት አመቱ ነው? ሁለት። በቃ «አንድ ማንኪያ ሶስቴ» ተብሎ ይሰጣታል። የትኛው ማንኪያ? የሻይ ማንኪያው ራሱ ቤት ለቤት ይለያያል፣ የሾርባ ማንኪያ ከሆነ ደሞ ወደ 15 ሚሊ ይይዛል፣ ይሄ እኮ ከታሰበው 5 ሚሊ ሶስት እጥፍ ነው። እና ሁለት አመት የሆነው ልጅ ሁሉ አንድ አይነት ኪሎ የለውም፣ 9 ኪሎም አለ 14 ኪሎም አለ። ፓራሲታሞል የሚሰላው በኪሎ ነው፣ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ። 10 ኪሎ ለሆነ ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ይበቃዋል ማለት ነው፣ ባለ 120ው ሽሮፕ (5 ሚሊው ውስጥ 120 ሚሊግራም ያለው) ከሆነ 5 ሚሊ። ያንኑ 5 ሚሊ 7 ኪሎ ለሆነ ህጻን መስጠት ግን ይበዛል፣ ለሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ነው። ኪሎውን የማታውቁ እናቶች ካርዱ ላይ አለ፣ ወይ ደሞ ልጁን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ ከዛ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱት። መለኪያው ደሞ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው፣ ከማንኛውም መድሀኒት ቤት በትንሽ ብር ይገኛል፣ ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ በጉንጩ በኩል ቀስ እያላችሁ ትሰጡታላችሁ።

ሰአቱን በተመለከተ በኛ አቆጣጠር ቀላል ነው፣ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ብላችሁ ያዙት፣ በ24 ሰአት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ደሞ ለመድሀኒቱ ብላችሁ አትቀስቅሱት፣ የሚሰጠው ለትኩሳቱና ለህመሙ ነው። የሰጣችሁበትን ሰአት ጻፉት እባካችሁ፣ ምክንያቱም ጠዋት እናት ትሰጣለች ስራ ትሄዳለች፣ ሞግዚቷ ሲያለቅስ ታይና ትሰጣለች፣ አያት ማታ መጥተው ምስኪን ብለው ይደግሙታል፣ ሁሉም አዝነውለት ነው፣ ልጁ ላይ ግን ተደራረበ።

ሌላው የሚያሳስበኝ በሻንጣ የሚመጣው ነው። ከአሜሪካ ከዱባይ ዘመድ ሲመጣ ሽሮፕ ይዞ ይመጣል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ጥንካሬው አንድ አይደለም። እኛ ጋ የተለመደው 5 ሚሊው ውስጥ 120 ወይ 125 ሚሊግራም ያለው ነው፣ የአሜሪካው የልጆች ታይሊኖል 160 ነው፣ 250 የሚልም ሽሮፕ አለ፣ አንዳንዱ በጠብታ የሚሰጥ ደሞ አንዷ ሚሊ ብቻ 100 ሚሊግራም ትይዛለች። እንግዲህ ይህን ጠብታ እንደ ሽሮፕ ቆጥሮ 5 ሚሊ የሰጠ ሰው 10 ኪሎ ለሆነው ልጅ 500 ሚሊግራም ሰጠው ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የጨቅላውና የልጆቹ እየተምታታ ስላስቸገረ በ2011 (በነሱ አቆጣጠር) የፓራሲታሞሉን ጠብታ ትተው ሁለቱንም ወደ 160 አመጡት፣ ሌላው የትኩሳት መድሀኒት አይቡፕሮፌን ግን እስከዛሬ የጨቅላው ጠብታ ከልጆቹ ሽሮፕ እጥፍ የጠነከረ ነው። አሴታሚኖፌን ብሎ የተጻፈውም ያው ፓራሲታሞል ነው፣ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥም ብዙ ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ሁለቱን ደርቦ መስጠት አንዱን መድሀኒት ሁለቴ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ኤክስፓየር ዴቱ ላይም የምናገረው አለኝ። ጠርሙሱ ላይ 2024 ካለ፣ እኛ አሁን 2018 ስለሆንን ገና ነው የሚመስለው ሰው አለ፣ አልፎበታል፣ ቁጥሩ በፈረንጅ ነው።

አይቡፕሮፌን ጥሩ ነው፣ ግን ከ6 ወር በታች ለሆነ ህጻን ያለ ሀኪም አይሰጥም፣ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ውሀ ላጠረው ልጅም አይሰጥም ኩላሊቱን ስለሚጎዳው። አስፕሪን ለልጅ በፍጹም፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይ ቺክን ፖክስ (ውሀ የሚቋጥር ሽፍታ) ለያዘው ልጅ ሲሰጥ አንጎልና ጉበት የሚያጠቃ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የአዋቂ ዳይክሎፌናክ ሰብሮ የሚሰጥም አለ፣ ተዉት።

ትኩሳቱ ወረደ ማለት ደሞ በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም። ወባ ባለበት አካባቢ ለምትኖሩ፣ ወይ ልጁን ይዛችሁ ቆላ ሄዳችሁ ለተመለሳችሁ፣ ሽሮፑ ትኩሳቱን ለጥቂት ሰአት ያወርደዋል፣ ወባው ግን ስራውን ይቀጥላል፣ ስለዚህ በ24 ሰአት ውስጥ ደሙን አስመርምሩ፣ ጤና ኬላ ላይም በጣት ጠብታ ደም ይታያል። ምች ነው ብሎ ዳማከሴ የሚያጠጣውንም ሰው እረዳለሁ እኔም ያደግኩት በዛው ነው፣ ግን ምርመራውን አያዘግይባችሁ። ከ3 ወር በታች ያለ ህጻን 38 ዲግሪ ከደረሰ ቤት ውስጥ ሽሮፕ አይሞከርም፣ በቀጥታ ሀኪም ጋ። ከክትባት በኋላ ያተኮሰው ከሆነም የከተበችውን ነርስ ጠይቁ እንጂ ጎረቤት አትጠይቁ። ያንቀጠቀጠው፣ አንገቱ የደረቀ፣ መጥባት ያቆመ፣ አልነቃ ያለ ልጅም እንደዛው ነው፣ ወዲያው ይወሰድ።

ከገበያና ከሱቅ የሚገዛውን ሽሮፕ በተመለከተ ጋምቢያን ማስታወስ ይበቃል፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል የሚባሉ መርዞች የተገኙባቸው የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ወደ 70 የሚሆኑ ልጆች ገደሉ ተብሏል፣ ኩላሊታቸው ነው የቆመው፣ በዛው አመት ኢንዶኔዥያ ውስጥም ከ200 በላይ ልጆች ሞቱ። እርግጥ የጋምቢያዎቹ በኮንትሮባንድ የገቡ አልነበሩም፣ በታወቀ አስመጪ በኩል የገቡ ነበሩ። አስመጪው እየታወቀ እንዲህ ከሆነ ማን እንዳስገባው የማይታወቀውን ለልጅ መስጠት ምን የሚሉት ነው? ቢያንስ ፍቃድ ካለው ቤት ስትገዙ ባች ቁጥር (የትኛው ዙር ምርት እንደሆነ የሚለይ) አለው፣ ችግር ሲመጣ ይሰበሰባል።

አሁን ለስራ ባልደረቦቼና ለአስመጪዎች። ካርቶኑ ላይ «3 ጊዜ» ብሎ ጽፎ መሸኘት ይቁም። ልጁ ስንት ኪሎ ነው ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ከዛ «5 ሚሊ፣ በየ6 ሰአቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም» ብሎ በአማርኛ ወይ እናትየው በምታነበው ቋንቋ መጻፍ ነው፣ ማንበብ ካልቻለች ሲሪንጁ ላይ በእስኪርቢቶ መስመር አስምሮ ማሳየት ነው። ምግብና መድሀኒት ባለስልጣንም መለኪያና በሀገር ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት የሌለው የልጆች ሽሮፕ እንዳይሸጥ ቢያስገድድ ደስ ይለኛል፣ አንድ ፕላስቲክ ሲሪንጅ አብሮ ማሸግ ማንንም አያከስርም።

ለናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ5 እስከ 25 ኪሎ ያለውን የፓራሲታሞል ልክ በሰንጠረዥ፣ ለባለ 120ውና ለባለ 250ው ለየብቻ፣ የህጻናት ሀኪም አይቶት ብታትሙት ሰው ቆርጦ ፍሪጁ ላይ ይለጥፈዋል። እኛም መድሀኒት ቤታችን መስታወት ላይ እንለጥፈዋለን።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ