መልስ የሌለው ሠርግ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፦

ስለ መካከለኛው ዘመን የፖላንድ ልዕልቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሙኒክ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን ሁሉም ላይ ያው ነው፦ ልጅቷ ተዳረች፣ ሁለቱ ቤተ መንግሥቶች ተዛመዱ፣ አለቀ። ከዚያስ?

ጥያቄው የኔ አይደለም፣ የልጄ ነው። እዚህ አጠገባችን፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ላንድስሁት የምትባል ከተማ አለች። በየአራት ዓመቱ በ1475 (በፈረንጆቹ ነው) የተደገሰውን ሠርግ እንደ አዲስ ትደግሳለች። ከ2,000 በላይ ሰው የዘመኑን ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ተመልካቹ «ሃሎ!» እያለ ይጮኻል፣ ሙሽራዋ በወርቃማ ሠረገላ ታልፋለች። ሙሽራዋ ያድቪጋ ናት፣ የፖላንዱ ንጉሥ የካዚሚር 4ኛ ልጅ፣ በ18 ዓመቷ ከክራኮው ድረስ መጥታ የባየርኑን መስፍን ልጅ ጌኦርግን ያገባችው።

ድግሱስ ድግስ ነበር! 323 በሬ፣ 11,500 ዝይ፣ 40,000 ዶሮ። እንቁላሉ 194,345 ነው፣ አርባ አምስቷ እንኳ አልቀረችም። ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ 3ኛ ራሱ ተገኝቷል። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ምግብ መሸጥ ክልክል ነበር፣ ሁሉም ከመስፍኑ ቤት ይበላ ተብሎ።

ሠረገላው ሲያልፍ ነው ልጄ «ከዚያስ?» ያለችኝ። አላወቅኩም። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ከዚያማ ቡርግሃውዘን ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ዛልሳህ ወንዝ ዳር ኮረብታ ላይ የተዘረጋ ግንብ። ባልየው ላንድስሁት፣ እሷ እዚያ። አንዳንዱ «አባረራት» ይላል፣ እኔ ግን ግዞት ለማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ከእሷ በፊት የነበሩ የመስፍኖቹ ሚስቶችም እዚያው ይኖሩ ነበር። ወንዶች ልጆቿ ሞቱባት፣ ሁለት ሴቶች ቀሩ። የሚገርመው አራት ወንድሞቿ ነግሠዋል፣ እናታቸውም «የነገሥታት እናት» ትባላለች።

እኛ ጋ ሠርግ ካለ መልስ አለ፣ ሙሽራዋ እናቷ ቤት ተመልሳ ትበላለች። ያድቪጋ ግን በ1502 ቡርግሃውዘን ሞተች፣ የተቀበረችውም እዚያው አቅራቢያ ራይተንሃስላህ ገዳም ነው። ባሏ ርስቱን ለሴት ልጁ ለኤልሳቤጥ ቢያወርስ ሙኒክን የሚገዙት ዘመዶቹ አሻፈረን አሉ፣ ጦርነት ሆነ። ኤልሳቤጥም ጦርነቱ ሳያልቅ በ1504 ሞተች፣ ባሏን ከቀበረች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ።

ይኼ ሁሉ ሰልፉ ላይ የለም። እናንተም ጽሑፍ ላይ የለም። ቀጣዩን ክፍል ስታወጡ እባካችሁ ከሠርጉ ማግስት ጀምሩልን፣ ልጄ ገና እየጠየቀችኝ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሙኒክ