እማዬ፣ እባክሽ እዚያ ሳህን እንዳታነሺ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። ገና «ስጦታ» ከማለቴ «ምን አስፈለገ ልጄ፣ እኔ ምን ጎደለኝ» ብለሽ ወሬ ታስቀይሪኛለሽ። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ አይቋረጥም። እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ ከዚያ ተቆጪ።

ለልደትሽ የሁለት ሌሊት አልጋ ይዤልሻለሁ፤ ቁርስ ጭምር። ሆቴል አይደለም። ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚኖሩበት ቤት ነው። ጥቂት ክፍሎች ለእንግዳ ያከራያሉ፣ ጠዋት ቁርስ ያቀርባሉ። ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት የሚሉት ዓይነት።

ሆቴል ያልመረጥኩት ስለማውቅሽ ነው። ረጅም ኮሪደር፣ በካርድ የሚከፈት በር፣ ሊፍት ውስጥ ከማታውቂው ሰው ጋር ዝም ብሎ መቆም፤ ይሄ ሁሉ ላንቺ እረፍት አይሆንሽም። አንቺ ጠዋት ስትነሺ «እንዴት አደሩ» የሚልሽ ሰው ያስፈልግሻል።

«የሰው ቤት ገብቼ እንዴት ይተኛል» ማለትሽ አይቀርም። ተከፍሎበታል እማዬ፣ የማንም ውለታ የለብሽም። ደግሞም ዓለም የለመደው ነገር ነው። ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩበት ኤርቢኤንቢ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ እንኳ የተጠነሰሰው እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ከተማው ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ሆኖ ሆቴሎች ሲሞሉ፣ በአየር የሚነፉ ሦስት ፍራሾች ቤታቸው ውስጥ አንጥፈው እንግዳ አሳደሩ። ቁርስም አበሉ። ያንቺ ግን ደህና አልጋ ነው፣ አትስጊ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ቀን ያልተጻፈበት የስጦታ ቫውቸር ነበር። ተቀባዩ ሲመቸው ደውሎ ቀን ይይዝበታል። ለሌላ ሰው ቢሆን ሸጋ ነው። ላንቺ ግን እንዴት ይሆናል? የገዛሁልሽ ሹራብ ዛሬም ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ወረቀት እንኳ አልተቆረጠችም። «ለደህና ቀን» ትይኛለሽ። ሹራብ ይጠብቃል። ቫውቸር ግን ጊዜ አለው፣ ካለፈ አለፈ። በበዓልና በቅዳሜና እሁድ አንቀበልም የሚሉም አሉ። እና ቀኑን እኔው ቆረጥኩት። ካልተመቸሽ ከሳምንት በፊት ብንናገር ያለ ቅጣት ይቀየራል፤ ይህን ከመክፈሌ በፊት በጽሑፍ ተቀብያለሁ።

ባለቤትየዋን በጥያቄ አሰልችቻታለሁ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ፎቶው ላይ ደግሞ የሚታየው የአልጋ ልብስና መጋረጃ እንጂ ደረጃው አይደለም። ያንቺ ክፍል ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። መታጠቢያ ቤቱ ለብቻሽ ነው፤ ከሌላ እንግዳ ጋር የሚጋሩትን ርካሽ ክፍሎች አለፍኳቸው። ሻወሩ ገንዳ የለውም፣ እግር አንስቶ መሻገር የለም። ጨው እንደምትቀንሺም ነግሬያታለሁ። ጥቂት እንግዳ ስላላቸው እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የነገራቸው ሰው ተጠቃሚ ነው።

ክፍሉ የሚሰጥሽ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። እንደ ሆቴል ሌት ተቀን በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ፣ መንገድ ስትጀምሪ ደውይላት። ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው። በመጨረሻው ቀን እስከ 5 ሰዓት ቁልፉን ታስረክቢያለሽ። ሂሳቡ አልቋል፤ ቦርሳሽን እንዳትከፍቺ። ስንት እንደከፈልኩ እንዳትነግርሽም አደራ ብያታለሁ፣ በከንቱ አትድከሚ።

አሁን ወደ ዋናው አደራ ልምጣ። እዚያ ሳህን እንዳታነሺ። አልጋ እንዳታነጥፊ። እንደማውቅሽ በሁለተኛው ጠዋት «ልርዳሽ የኔ ልጅ» እያልሽ ጓዳ ልትገቢ ነው። ተይ። ሻይሽን ትቀጂና አንዱ ሲጠራሽ ትነሺያለሽ፣ ስትመለሺ ቀዝቅዟል፣ ያንኑ ትጠጪዋለሽ። እስካሁን ስንቱን ሻይ እንዲህ ጠጣሽ? እዚያ የሚጠራሽ የለም። ከቀዘቀዘም ሌላ አምጡልኝ በያቸው፣ ነውር የለውም።

ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው፤ አክስቴን ይዘሻት ሂጂ። እሷ እሺ ብላኛለች፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው። ባለቤትየዋ አንድ ሰፊ አልጋ ይሁን ወይስ ሁለት ነጠላ ብላ ጠይቃኛለች። አንቺ ስለ አክስቴ ማንኮራፋት ስታወሪ ኖረሻል፣ እሷም ስላንቺ ያንኑ ትላለች። እኔ ሁለት ይሁን ባይ ነኝ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውለሽ ቁርጡን ንገሪኝ።

ልጅሽ