ማህተሙ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ሜሪላንድ አንድ ተማሪ ሃይስኩል እንዲጨርስ 75 ሰዓት ያለ ክፍያ ማኅበረሰቡን ማገልገል አለበት። ደንቡ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ሲወጣ እንዲህ ያስገደደ ሌላ ክፍለ ግዛት አልነበረም። ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት ይጠይቃል።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ትንሽ ማኅበር ፀሐፊ ነኝ። ማህተሙ እኔ ጋ ነው። ሚያዝያ ሲገባ ታዲያ ስልኬ አያርፍም። “ወንድሜ፣ ልጅቷ 40 ሰዓት ጎደላት። በናትህ ፈርምላት።” አልፈርምም ስል ያኮረፉኝ ብዙ ናቸው። አንዱማ “በጎ ፈቃድ ከመቼ ወዲህ ነው በግዴታ የሆነው?” አለኝ።

እውነቱን ነው። አባቴ በ1967 ዓ.ም. ከ11ኛ ክፍል ለዕድገት በኅብረት ሲዘምት ፈቃዱን የጠየቀው የለም። እምቢ ያለ ትምህርቱን አይቀጥልም ነበር። ዛሬም ሲያወራው ግማሹ ምሬት ነው። ግማሹ ግን ፊደል ያስቆጠራቸው ገበሬዎች ናፍቆት ነው።

እኔም ልጄን የላክሁት በግድ ነው፣ አልዋሽም። ለችግረኞች ምግብ የሚታደልበት ቦታ ነው የገባው። ጎድጎድ ያለውን ጣሳ ከደህናው ይለያል፣ ቀኑ ያለፈበትን ያወጣል። የመጀመሪያ ቀን ፊቱን ቋጥሮ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ነጠላ የለበሱ እናት ሰልፍ ላይ አገኙት። አንድ ካርቶን አሳዩትና “ልጄ፣ ይሄ የጾም ነው?” አሉት። የልጄ አማርኛ ስብርብር ያለ ነው። ጥቃቅኑን ጽሑፍ አነበበና “ወተት አለበት እማማ” ብሎ ምስር ቀየረላቸው። ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ “ተመንደግ ምን ማለት ነው?” አለኝ።

ይሄ በፊርማ አይገኝም።

ደግሞ ጊዜ አጠረን አትበሉ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው 5ኛ ክፍልን ከጨረሱበት ክረምት ነው። ለሰባት ዓመት ሲካፈል በዓመት 11 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሥራውም ሞልቷል። ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ አዛውንቶች አሉ። አንዷ በፖስታ የመጣላቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ፣ ሌላው የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ስልካቸው ውስጥ የት እንደገባ ጠፍቶባቸዋል።

ልጆቹን ከመስከረም ጀምራችሁ ላኩልን። ያኔ 40 ሳይሆን 75ቱንም እፈርማለሁ።

አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ