ይድረስ ለአባዬ፣ ሐረር

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ግን እንደ ጉድ ነው፤ የከዚራ ዛፍ ጥላ እንኳ አላስቀምጥ ብሏል።

ባለፈው ቡና ላይ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትን ሳነሳ «ተወው፣ ለንጉሡ ነው የጻፈው» ብለው አፌን አስያዙኝ። እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ እንጂ አልተስማማሁም። እስቲ በወረቀት ልከራከርዎት።

እርግጥ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን የማይደፈሩ አድርጓል። ዙፋኑንም ለአንድ ዘር ሰጥቷል። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ ሕዝብ ግን አንድም ሰው አልመረጠም። የሕግ መወሰኛዎቹን ንጉሡ፣ የሕግ መምሪያዎቹን መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበር የሚመርጡት። አርአያ የሆነው የጃፓን ሕግም ቢሆን ለንጉሥ ያደላ ነው። እዚህ ላይ አልሟገትም።

የመጨረሻውን፣ 55ኛውን አንቀጽ ግን ልብ ይበሉልኝ። የመንግሥት ገንዘብ በየዓመቱ ከሚወሰነው በጀት ውጭ እንዳይወጣ ያዛል። በጅሮንዱ ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። የአገር ግምጃ ቤትና የንጉሥ ኪስ በቅጡ ባልተለየበት ዘመን ይህን ማጻፍ ቀላል ነው? ያለ ሕግ ሰው እንዳይታሰር፣ ደብዳቤው እንዳይከፈትም ሰፍሯል። በተግባር ሌላ እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም የተጻፈ ነገር «ይሻሻል» ይባልበታል። በ1948 ሲሻሻል ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ተፈቀደ። ባልተጻፈ ሥልጣን ላይ ሰው ምን ይዞ ይከራከራል?

የሚያናድደኝ እኛ የምሥራቆቹ በጅሮንዱን መርሳታችን ነው። እርስዎ አውርተው የማይጠግቧቸው የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ያሳደጓቸው ልጅ እኮ ናቸው! በልጅነታቸው ዐድዋ ዘመቱ፤ ሩሲያ ሄደው የመድፍ ትምህርት ተማሩ። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ ቆረቆሩ። ስንቴ በዚያ በኩል አዲስ አበባ ሄደናል፣ ስማቸውን ያነሳልን ማን ነው? ከስደት ተመልሰው ሂርና ላይ ሲያርሱ መኖራቸውንም አሁን በቅርቡ ነው ያወቅሁት። ስለጻፉት ቴያትር ሲሆን ግን ሁሉም አዋቂ ነው።

መልስዎን ቅዳሜ ስመጣ እሰማለሁ፤ እንግዳ ካለም አልለቅዎትም። የግፊት መድኃኒትዎን እንዳይዘሉ። ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ፣ ከድሬዳዋ